ብርሃን ሲዘገይ

በ1958 ብራስልስ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤክስፖ፣ በቼኮዝሎቫኪያ ፓቪሊዮን ውስጥ አንድ የኮንክሪት ግድግዳ ቆሞ ነበር። ኮንክሪቱ ውስጥ ወፋፍራም የመስታወት ድንጋዮች ተሰክተዋል። በየድንጋዩ ሆድ ውስጥ እንስሳ አለ፤ የጥንት ሰው በዋሻ ግድግዳ ላይ ይሥላቸው የነበሩትን የሚያስታውስ። ከፊት ለፊት ቆሞ የሚያይ ሰው እንስሳው ከመስታወቱ ውስጥ ወደ እሱ የሚመጣ ይመስለዋል። እጁን ከድንጋዩ ጀርባ ቢሰድ ግን የሚዳስሰው ጎድጓዳ ባዶ ነው። እንስሳው የለም። ያለው ባዶውን ዙሪያውን የያዘው መስታወት፣ በመስታወቱም ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ነው።

ሥራው «እንስሳ መሰል ድንጋዮች» ይባላል፤ ከኤክስፖው ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ሠሪዎቹ ስታኒስላቭ ሊቤንስኪ እና ያሮስላቫ ብሪኽቶቫ ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ሁለቱ ባሰብኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያ ባዶ ጉድጓድ ይሄዳል። ሌላው ቀራፂ ድንጋይ ጠርቦ፣ እንጨት ፈልጦ፣ ነሐስ አፍስሶ አንድ ነገር ያቆማል። እነዚህ ሁለቱ የሌለ ነገር አቆሙ። ከአርባ ዓመት በላይ የለፉት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው ብል ብዙም አላጋንንም፤ ብርሃን በአንድ አካል ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለማወቅና የሚሆነውን ለመምራት ነው የደከሙት።

ብርሃን ራሱ አይታይም። በጠራ አየር ውስጥ ዝም ብሎ ያልፋል። ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ግድግዳውን ያሳየናል እንጂ ራሱን አያሳይም። ስስ የመስኮት መስታወት እንዳለ ስለሚያሳልፈው መስታወቱንም ብርሃኑንም እንረሳለን፤ ዓይናችን ውጭ ወዳለው ዛፍ ይሄዳል። በሚያሳልፈውና በሚከለክለው መካከል ግን ሌላ ዓይነት አካል አለ። ያሳልፋል፤ ሁሉንም ግን አያሳልፍም፤ ቶሎም አያሳልፍም። ብርሃኑ ይገባል፣ ይጎብጣል፣ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ የተረፈው ቀለም ይዞ ይወጣል። ብርሃንን ብርሃን ብለን የምናየው ያኔ ነው። ይዘገያል የምለው አባባል ለማሳመር አይደለም፤ በተራ መስታወት ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው በባዶ ሕዋ ውስጥ ካለው ፍጥነቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ይዞ ነው። ዓይን ይህን መዘግየት በሰዓት አይለካውም። ወፍራም መስታወት ፊት የቆመ ሰው ግን እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር እንደቆየ ይሰማዋል።

ብሪኽቶቫ የተወለደችው በ1924 በሰሜን ቦሄሚያ፣ በዪዜራ ወንዝ ዳር ባለችው ዠሌዝኒ ብሮድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ ያሮስላቭ ብሪኽታ በ1920 በከተማዋ የተቋቋመውን የመስታወት ሙያ ትምህርት ቤት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ስሙ የሚነሣው በጥቃቅን የመስታወት ምስሎቹ ነው። ልጅቱ መስታወት ትንሽና ተጫዋች ነገር በሆነበት ቤት አደገች ማለት ይቻላል። እሷ ግን የፈለገችው ከባድ ነገር ነበር። በ1940ዎቹ ከአባቷ ጋር ሆና መስታወትን በቅርጽ ማውጫ ውስጥ አቅልጦ ወፍራም አካል ማድረግን መሞከር ጀመረች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ የመንግሥት መስታወት ድርጅት ውስጥ ለሕንፃዎች የሚሆን መስታወት የሚሠራ ክፍል ተቋቋመ፤ ለረጅም ዓመታት የመራችውም እሷ ናት።

ሊቤንስኪ በ1921 ተወለደ፤ ሙያው ሥዕል ነው። ከመስታወት ጋር የተዋወቀው በስስ ዕቃዎች ላይ በመሣል ነበር። በ1954 የዠሌዝኒ ብሮድ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኖ መጣ። የሰው ራስ ሥሎ ነበር፤ ብሪኽቶቫ ሥዕሉን አየችና በመስታወት ልሥራው ብላ ጠየቀች። ከዚያ ጥያቄ «የራስ ሳህን» የተባለው የመጀመሪያው የጋራ ሥራቸው ወጣ። በ1956 ተጠናቀቀ። ሳህን ነው፣ ራስም ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ትዳር ነበራቸው፤ ያ አልቆ እነሱ የተጋቡት በ1963 ነው። ሥራው ከጋብቻው ሰባት ዓመት ቀድሟል። ይህን ቅደም ተከተል ሳየው የሁለቱ ቤት የተሠራው በእቶኑ ዙሪያ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ እቶኑ እንግባ፤ የእነዚህን ሰዎች ሐሳብ ከአሠራራቸው ነጥሎ ማየት አይቻልምና።

መጀመሪያ ሊቤንስኪ ይሥላል። ከሰልና ቀለም ይዞ፣ ብዙ ጊዜ ቅርጹ ወደፊት በሚኖረው ቁመትና ስፋት ልክ፣ ትልቅ ወረቀት ላይ። ሥዕሉ ላይ የጠቆረ ቦታ አለ፣ የነጣ ቦታ አለ። ቀጥሎ ብሪኽቶቫ ሥዕሉን ተቀብላ በጭቃ ታበጀዋለች። እዚህ ላይ ነው አንባቢን ቆም በል የምለው። ወረቀቱ ላይ የጠቆረው ቦታ ጭቃው ላይ መጥቆር አይችልም። ውፍረት ነው መሆን ያለበት። የነጣው ቦታ ስስ መሆን አለበት። ሥዕሉ ውስጥ ያለ ጥላ በቁመት፣ በጥልቀት፣ በጎድጓዳነት መተርጎም አለበት። የሚገርመው ደግሞ ጭቃ ብርሃን አያሳልፍም። ስለዚህ ቀራፂዋ ጣቶቿ ጭቃውን እየዳሰሱ፣ ወራት ቆይቶ በዚያ ቦታ ላይ በሚተካው ሌላ ቁስ ውስጥ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያልፍ በልቧ ማየት አለባት። ጎድጓዳ ከሆነ እንደ እብጠት ይታያል፤ እብጠት ከሆነ ይሰምጣል። ከኋላ የተቀረጸው ከፊት ይነበባል። እጇ አንድ ነገር ይሠራል፣ ዓይነ ልቦናዋ ተቃራኒውን ያያል።

የጭቃው ቅርጽ በጄሶ ይገለበጣል። በጄሶው ላይ ደግሞ እሳት የሚችል ሌላ ፎርማ ይሠራል። ፎርማው በመስታወት ስብርባሪና ጉማጅ ተሞልቶ እቶን ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ መስታወቱ እንደ ውኃ አይፈስም፤ ወፍሮ፣ እየተጎተተ፣ በራሱ ክብደት ወደ ፎርማው ጥግ ሁሉ ይወርዳል። በጉዞው አየር ይዞ ከሄደ አረፋው እዚያው ይቀራል፤ ሁለት ጉማጅ ሲገናኙ ስሱ መጋረጃ የመሰለ መስመር ይተዋሉ። አንዳንድ ሠሪ ይህን እንደ እንከን ያየዋል። በእነሱ ሥራ ላይ ግን አረፋውና መጋረጃው ብርሃኑ የሚረግጣቸው ደረጃዎች ናቸው። ፍጹም የጠራ መስታወት ውስጥ ዓይን የሚይዘው ነገር ያጣል።

መቅለጡ ግን ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ማብረዱ ነው።

ወፍራም መስታወት ሲበርድ ውጩ ይቀድማል፣ ውስጡ ይዘገያል። ውጩ ጠንክሮና ጠብቦ ሳለ ውስጡ ገና ትኩስ፣ ገና ሰፊ ነው። ኋላ ውስጡ በተራው ሲበርድ መኮማተር ይፈልጋል፤ የጠነከረው ውጭ ግን አይለቅም። ይህ መጎተት እዚያው ውስጥ ታስሮ ይቀራል። በዓይን አይታይም። መስታወቱ ሙሉ፣ ውብ፣ ጤነኛ ይመስላል። ከወር በኋላ፣ ወይም ከዓመት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ማዝገም። እቶኑ በተለይ 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሙቀቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል፣ ውስጥና ውጭ እስኪስማሙ ይጠበቃል። ለትልቅ ሥራ ይህ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ቀራፂው የሚሠራው ነገር የለም። እቶኑን መክፈት አይችልም፤ ማየትም አይችልም። ሥራው በጨለማ ውስጥ እየሆነ ነው፤ የእሱ ድርሻ አለመንካት ነው።

ስለዚህ ዝም ብሎ ስለ መጠበቅ ደጋግሜ አስባለሁ። ጥበብ ስንል የምናስበው ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀስ እጅ ነው፤ ብሩሽ፣ መዶሻ፣ መሮ። እዚህ ግን የሙያው ግማሽ እጅን መሰብሰብ ነው። ስንፍና አይደለም፤ የሙቀቱን እርከን ዲግሪ በዲግሪ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ዝምታ ነው። በዚያ ላይ ዋስትና የለውም። ፎርማው ሲሰበር ከውስጡ የወጣው አካል ሁለት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ደኅና ከወጣም አላለቀም፤ ገና ሻካራና ድፍን ነው፤ ይሞረዳል፣ ይፋቃል፣ ይወለወላል። የቱ ገጽ እንደሚወለወል፣ የቱ ሻካራ እንደሚቀር መወሰን ራሱ ቅርጽ ማውጣት ነው። የተወለወለው ገጽ ዓይንን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሻካራው ብርሃኑን በትኖ ሰውነቱ ሁሉ ከራሱ የሚያበራ ያስመስለዋል።

መስታወቱ ውስጥ ታስሮ የቀረውን መጎተት የሚያሳይ መሣሪያም አለ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን በመስታወቱ ውስጥ ተልኮ በማጣሪያ ሲታይ፣ ጫና ያለበት ቦታ በቀስተ ደመና ቀለም ይወጣል። ችኮላ የራሱ ቀለም አለው ማለት ነው። ያማረ ቀለም ነው፤ የስንጥቅ ምልክት መሆኑን ለማያውቅ ሰው።

ከቀለም ጋር የነበራቸው ግንኙነት ደግሞ የቆጣቢ ሰው ግንኙነት ነው። ለአንድ ቅርጽ አንድ ቀለም። ቀይ ከሆነ ቀይ፣ ግራጫ ከሆነ ግራጫ። በዚያ አንድ ቀለም ውስጥ ግን ከሮዝ እስከ ጥቁር ደም ያለው ሁሉ ይገኛል፤ ሥዕሉን የሚሠራው ውፍረቱ ነው። ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አንገቱ ላይ ገለባ የመሰለው፣ ሆዱ ላይ ደማቅ ወርቅ የሆነው ያው አንድ ጠጅ ነው። በ1993 የተሠራውና በአሜሪካ ኮርኒንግ የመስታወት ሙዚየም የሚገኘው «ቀይ ፒራሚድ» የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ስስ ጠርዙ ይነዳል፤ መሐሉ ጥልቅ ሆኖ ሊጠቁር ይደርሳል። ማንም ቀለም አልቀባበትም። አንድ ቅርጽ ብርሃኑን እዚህ ጥቂት፣ እዚያ ብዙ አቆየው፤ በቃ።

የእኛ አገር ሰው መስታወትና ብርሃንን አንድ ላይ ሲያስብ ዓይኑ የሚሄደው አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ፣ ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ወደ ሠራው ትልቅ የመስኮት ሥዕል ይመስለኛል። እዚያ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ቁራጭ መስታወት አለው፤ ቁርጥራጩ ጎን ለጎን ተጋጥሞ ታሪክ ይናገራል። ብርሃኑ በስሱ መስታወት አልፎ ቀለሙን ወለሉ ላይ ያወርደዋል። የሊቤንስኪና የብሪኽቶቫ መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። ታሪክ አይናገሩም፤ ብርሃኑንም አስተላልፈው አያወርዱትም፤ ውስጥ ያቆዩታል። አንዱ ከአንዱ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። አንደኛው መስታወት የሕዝብ አደባባይ ነው፣ ሌላው የብቻ ክፍል።

ልዩነቱ በይበልጥ የሚገለጠው እነሱ ራሳቸው መስኮት ሲሠሩ ነው። በ1960ዎቹ በፕራግ ቅዱስ ቪት ካቴድራል ውስጥ ለሚገኘው የቅዱስ ቫትስላቭ ጸሎት ቤት መስኮት እንዲሠሩ ታዘዙ። የጸሎት ቤቱ ግድግዳ ከአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በከበሩ ድንጋዮችና በወርቅ የተለበጠ፣ በሥዕል የተሞላ ነው። ሌላ ሠዓሊ ቢሆን ከግድግዳው ጋር ይፎካከር ነበር፤ ቅዱሳን ይሥላል፣ ቀይና ሰማያዊ ያበዛል። እነሱ ፈዘዝ ያለ፣ ሊጮህ የማይፈልግ መስታወት አስገቡ። ብርሃኑ ለስልሶ ይገባና ድንጋዮቹ ላይ ያርፋል። የሚታየው ግድግዳው ነው። ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ትሕትና ያለው እዚህ ነው፤ የዘመናቸው ታላቅ የመስታወት ቀራፂዎች ሆነው ሳለ መስታወታቸው እንዳይታይ አድርገው ሠሩት።

በአንጻሩ ሊቤንስኪ እጁ ያለበትን፣ በፕራግ የብሔራዊ ቲያትር አዲሱን መድረክ የሸፈነውን የ1983 የመስታወት ፊት ልወደው አልቻልኩም። ከ4 ሺህ በላይ የተነፉ የመስታወት ብሎኮች ሕንፃውን አልብሰውታል። የከተማው ሰው ሲያሾፍበት ኖሯል፤ ፌዙን ሁሉ አልጋራም። ነገር ግን እዚያ ብርሃኑ ይንጸባረቃል እንጂ አይቆይም፤ ብዛቱ ጥልቀቱን ተካው። ዬዥቴድ ተራራ ጫፍ ላይ ባለው የቴሌቪዥን ማማና ሆቴል ውስጥ የሠሩት ይሻለኛል፤ እዚያ ከሰማይ ተወርውሮ የመጣ የሚመስል መስታወት ኮንክሪቱ ውስጥ ተሰክቷል፤ ወይ ግድግዳው ዋጠው፣ ወይ እሱ ግድግዳውን ወጋው።

ይህ ሁሉ የሆነው በኮሚኒስት መንግሥት ዘመን መሆኑን ማለፍ አይቻልም። ሠዓሊና ቀራፂ ሠራተኛውንና መሪውን እንዲያወድስ በሚጠበቅበት አገር፣ መስታወት ግን እንደ ዕደ ጥበብ፣ እንደ ቤት ጌጥና እንደ ውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለሚታይ የሳንሱሩ ዓይን ቀለል አለለት። በሸራ ላይ የሚከለከለው ረቂቅ ቅርጽ በመስታወት ሲመጣ ጌጥ ነው ተብሎ ያልፍ ነበር። መናቅ መጠለያ ሆነ። ይህን ግን እንደ ጀግንነት ብቻ ላቀርበው አልወድም። መንግሥቱም ተጠቅሞባቸዋል። በብራስልስ፣ በ1967 ሞንትሪያል፣ በ1970 ኦሳካ ሥራዎቻቸው የቆሙት የአገሪቱን መልካም ገጽ ለዓለም ለማሳየት ነው። እነሱም ይህን ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ትልልቅ እቶን፣ ቶን ሙሉ መስታወት፣ የሠለጠነ ሠራተኛ ያለው መንግሥት ዘንድ ነበር፤ ያለዚያ እንዲህ ያለ ሥራ አይታሰብም። ነጻነታቸው በጥገኝነታቸው ውስጥ የተቆፈረ ነበር፤ እንደ ብራስልሱ እንስሳ።

አንድ ጊዜ ግን መስታወቱ ተናገረ። በነሐሴ 1968 የሶቪየት ኅብረትና የአጋሮቿ ታንኮች ፕራግ ገቡ። ለኦሳካው ኤክስፖ ሁለቱ «የሕይወት ወንዝ» የተባለ 22 ሜትር የሚረዝም የመስታወት ሥራ አዘጋጁ። ወንዙ ይፈስሳል፣ ይጎርፋል፣ አንድ ቦታ ላይ በረዶ ይሆናል። በረዶው ላይ የወታደር ጫማ ዱካ ነበር። ባለሥልጣናቱ አዩት፤ ገባቸውም፤ እንዲጠፋ ታዘዘና ተፍቆ ጠፋ።

በሸራ ላይ ያለ ነገር ሲታዘዝ በሌላ ቀለም ይሸፈናል፤ ከሥሩ ግን ይኖራል፤ አንድ ቀን ሊገለጥ ይችላል። መስታወት ላይ ግን መሸፈን የለም። ከአካሉ መቀነስ ነው። ዱካውን የያዘው መስታወት ዱቄት ሆኖ ይሄዳል፤ ቦታው ይሳሳል። በእነሱ ሕግ ደግሞ የሳሳ ቦታ ብርሃን የበዛበት ቦታ ነው። ይህን እንደ መጽናኛ አላቀርበውም፤ የተፋቀ ተፍቋል። ግን ሳንሱር ያደረገው ሰው ስለ መስታወት ቢያውቅ ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ መስታወት ጨምር ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለሁለቱም ቀዝቃዛ ነበሩ። ሊቤንስኪ ግን ከ1963 ጀምሮ በፕራግ የተግባራዊ ጥበብ አካዳሚ ያስተምር ነበር፤ እስከ 1987 ቆየበት። ማሪያን ካሬልን፣ ጊዜላ ሻቦኮቫን፣ ያሮሚር ሪባክን፣ ኢቫን ማሬሽን የመሰሉ ቀራፂዎች ከእሱ ክፍል ወጥተዋል። ሥራዎቻቸውን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ የአንድ መምህር ልጆች ናቸው ብሎ መገመት ያስቸግራል፤ የመምህርነቱ መለኪያ ይህ ይመስለኛል።

በ1969 አንድ ወጣት አሜሪካዊ ሊያያቸው መጥቶ ነበር፤ ዴል ቺሁሊ። ቺሁሊ ኋላ በዋሽንግተን ግዛት የፒልቸክን የመስታወት ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በ1980ዎቹም ሁለቱ እዚያ ሄደው አስተምረዋል። የአሜሪካ የስቱዲዮ መስታወት እንቅስቃሴ በትንሽ እቶን፣ በትንፋሽና በፍጥነት የተወለደ ነው፤ ከእቶን አፍ አውጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ መወሰን። የቺሁሊ ሥራ ደስታው እዚያ ነው፤ ይፈነዳል፣ ይዘረጋል፣ ጣሪያ ላይ ይንጠለጠላል። አልነቅፈውም። ግን አንድ ሰው የእሱን ሥራ አይቶ ከወጣ በኋላ የሚያስታውሰው ቀለሙን ነው፤ የእነሱን አይቶ የወጣ የሚያስታውሰው የቆመበትን ሰዓት ነው። ጠዋት ያዩት ቅርጽ ማታ ሌላ ነው። ፎቶግራፍ ይህን ስለማይችል ሁልጊዜ ያሳንሳቸዋል፤ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ መብራት የተነሣ «ቀይ ፒራሚድ» ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው።

ብዙ አርቲስት ታላቁን ሥራውን በሠላሳና በአርባ ዓመቱ ሠርቶ የቀረውን ዕድሜ እሱን ሲደግም ይኖራል። እነዚህ ሁለቱ የኮሚኒስቱ መንግሥት በ1989 ሲወድቅ እሱ 68፣ እሷ 65 ዓመታቸው ነበር። ጡረታ ወጥተዋል፤ ሥራ የሚያዝላቸው መንግሥትም የለም። ግዙፍ፣ ቀላልና ጥብቅ የሆኑት ሥራዎቻቸው፣ ፒራሚዶቹ፣ ቅስቶቹ፣ ኋላም የካህን ልብስ የሚመስሉት ቆመው የተዘረጉ ቅርጾች የመጡት ያኔ ነው። የወጣትነቱ ሥራ እንስሳና ፊት ነበረው፤ የእርጅናው ሥራ ይህን ሁሉ ጥሎ ጠርዝ፣ መስኮት፣ ጎድጎድ ብቻ ያዘ። የሚያስፈልጋቸው ነገር እያነሰ ሄደ። ይህ የመድከም ምልክት አልነበረም፤ ቅርጾቹ እየገዘፉ ነበርና። ዕድሜ ይህን ሲያደርግ ማየት ያጽናናል፤ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሌላ ነውና።

የማን ሥራ ነው የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላቸዋል። ሐሳቡ የእሱ፣ እጁ የእሷ ነው የሚል አከፋፈል በብዙ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። እኔ አልቀበለውም። ሥዕሉን ወደ ጭቃ ስትለውጥ ያላሰበች፣ ጥላን ውፍረት ስታደርግ ያልወሰነች ማን ትሆናለች? ወረቀት ላይ ያለ ጨለማ ምን ያህል ሴንቲሜትር እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። የተናገረችው እሷ ናት። እሱም ቢሆን ያለ እሷ በስስ ዕቃ ላይ ጥሩ ሠዓሊ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ወደ ውፍረቱ ያስገባችው እሷ ናት፤ መስታወትን በፎርማ ማቅለጥ ከእሱ በፊት በእሷና በአባቷ እጅ ነበርና። በሁለቱ መካከል የነበረው ነገር ስምምነት ብቻ እንደነበር አይመስለኝም። አንዱ የሌላውን ሐሳብ እንዳለ አላሳለፈም፤ እንደ ልቡም አልከለከለም። ሥዕሉ በእሷ ውስጥ ሲያልፍ ዘገየ፣ ጎበጠ፣ ከፊሉ ቀረ፣ የተረፈው ሌላ ሆኖ ወጣ። ከሁለቱ በቀር ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ አቅላጮች፣ ፎርማ ሠሪዎች፣ ሞራጆች አሉ፤ የዠሌዝኒ ብሮድና የአካባቢው ሰዎች።

ሊቤንስኪ በየካቲት 2002 ሞተ። ብሪኽቶቫ ከእሱ በኋላ 18 ዓመት ኖራ በሚያዝያ 2020 በ95 ዓመቷ አረፈች። ፕራግ የምትኖሩ፣ ወይም መንገድ የሚያደርሳችሁ፣ ወደ ቅዱስ ቪት ስትሄዱ በቅዱስ ቫትስላቭ ጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ ጥቂት ቁሙ፤ ከተቻለም ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። የትም ሙዚየም ውስጥ ከሥራቸው ሥር የእሱ ስም ብቻውን ተጽፎ ብታገኙ ደግሞ የእሷን ጨምራችሁ አንብቡት።